ለንደን ላይ የባቡር ዋሻ የተበሳው በማን ጥፋት ነው?

ሲቪሉ፦ ዛሬ መከራከሪያ ይዤ መጣሁ። በፈረንጆቹ ማርች 8 2013 ኦልድ ስትሪት አካባቢ ለፎቅ ፓይል (መሬት ውስጥ ጠልቆ የሚገባ የመሰረት ምሰሶ) ሲቆፍሩ ከስራቸው ያለውን የባቡር ዋሻ በሱት፣ ወደ ሙርጌት ጣቢያ የሚሄደውን መስመር። አንድ ሹፌር ከጣራው ውሃ ሲወርድ አይቶ ተናገረ፣ ከዛ ተሳፋሪ ያልጫነ ባቡር ቀስ እያለ ሊያጣራ ሲገባ ሁለት ትልልቅ መሰርሰሪያ ተደቅኖ አገኘ። ማንም አልተጎዳም። ጥፋቱ የማነው?

የሃክኒዋ፦ የኮንትራክተሩ ነዋ! ለንደን ላይ እየቆፈርክ ከስር ባቡር አለ ወይ ብለህ አትጠይቅም? እኔ በዛ መስመር ስራ እመላለስ ነበር እኮ!

ሲቪሉ፦ ቆይ እቱ፣ መርማሪዎቹ ያሉት እኮ ዋሻው ሳይት ፕላኑ ላይም፣ አልሚውና ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ባላቸው ካርታ ላይም የለም ነው። የባቡሩ መስሪያ ቤትም ቁፋሮ እንዳለ የነገረው የለም።

ጋሽ ሽበቱ፦ ዋሻው በፈረንጆቹ 1904 የተከፈተ ነው ልጆች፣ መጀመሪያ የግል ኩባንያ ነበር፣ ከዛ አንደርግራውንድ (የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር) ያዘው፣ በ1970ዎቹ ደግሞ ለመንግስቱ ባቡር ድርጅት ለብሪቲሽ ሬይል ተሰጠ፣ እንዲህ ከእጅ እጅ የዞረ ንብረት ማን አስታውሶት። የስሩ ካርታ ሁሉ ለህዝብ ይከፈት ባይ ነኝ።

ቦሌ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ በፈረንጆቹ 2005 ላይ ቱቡ (የምድር ውስጥ ባቡሩ) ውስጥ ቦምብ የፈነዳበት ከተማ እኮ ነው፣ ካርታውን ለማንም ይበተን?

ጋሽ ሽበቱ፦ ስቴሽኑ የት እንዳለ ህጻን ያውቀዋል፣ አሸባሪ ደግሞ ፓይል ማሽን ተከራይቶ አይመጣም።

ቦሌ፦ 😂 እሺ ለአልሚው ብቻ ይሰጥ። እኛ ሰፈር መንገድ ሲሰራ ኤክስካቫተሩ ቧንቧ በጠሰና ሶስት ቀን በጀሪካን ውሃ ስንቀዳ ከረምን፣ ሁሉም ካርታ አልተሰጠኝም ነው መልሱ፣ ጠይቀሃል ወይ ስትለው ዝም።

የሃክኒዋ፦ ይኸው! እኔም ያልኩት እሱን ነው። ደሞ ከሳይቱ እስከ ዋሻው ጣራ 13 ሜትር ገደማ ነው አሉ፣ ማሽኑ ግድግዳውን ሲነካ ኦፕሬተሩ አልተሰማውም?

ሲቪሉ፦ እውነቱን ልንገርሽ፣ እኛም ሳይት ላይ ድንገት ሲጠነክርብን ድንጋይ ነው ወይ የድሮ ፋውንዴሽን ነው ብለን ግፋ እንላለን፣ ቀኑ ይቆጠራል፣ ማሽኑ በኪራይ ነው።

የሃክኒዋ፦ በስመአብ፣ የት ሳይት ነው ያለኸው? በዛ በኩል አላልፍም!