ሮቢት፦ ትንሿ ስካቫተራችን ከሰዓት በኋላ ትደክማለች፣ ሰንሰለትም ትጥላለች። ፓምፕ ነው ተባልን፤ እውነት ነው?

የሮቢቷ

ሰላም ለዚህ ቤት። የምጽፈው ከሮቢት ነው፤ ከባሕር ዳር በጎንደር መንገድ ትንሽ ወጣ እንዳላችሁ። ከወንድሜ ጋር ሆነን አንድ ያገለገለች ሚኒ ስካቫተር ከአዲስ አበባ ገዝተን አመጣን። 1.7 ቶን ናት፣ የጃፓን፣ ሰንሰለቷ ጎማ። ሻጩ "አዲስ በላት" ብሎን ነበር። እንግዲህ ሻጭ ሌላ ምን ይላል?

የሚነዳት ወንድሜ ነው። ናፍታው፣ ዘይቱና ደብተሩ የኔ ነው። ጎረቤት "ለዛሬ ብቻ አውሱን" ሲል እምቢ ማለቱም የኔ ሥራ ሆኗል።

የመስኖ ቦይ ትጠርጋለች፣ ለማንጎና ለአቮካዶ ጉድጓድ ታወጣለች፣ ያረጀ የጫት ጉቶ ትነቅላለች። ድሮ ቦይ ለመጥረግ መንደሩ ይጠራ ነበር። አሁን የቀን ሠራተኛ ማግኘቱ ራሱ ፈተና ነው፤ ስለዚህ ስትሠራ በጣም ነው የምንወዳት።

ችግሩ እንዲህ ነው። ጠዋት እሳት ናት። ከምሳ በኋላ ግን ክንዷ ይዝላል። ባኬቱ አፈር ይዞ ሲነሳ ቀስ፣ ቀስ ይላል። ሁለተኛ፣ ዋልካው ላይ ስትዞር የቀኝ ሰንሰለቷን ትጥላለች። ያመጣነው መካኒክ ትንሽ አዳምጧት "ፓምፑ አልቋል፣ ይቀየር" አለ፤ ክንዷንም ሰንሰለቷንም የሚያንቀሳቅሰውን ዘይት የሚገፋውን የሃይድሮሊክ ፓምፕ ማለቱ ነው። ዋጋውን ሲነግረኝ ደብተሩን ዘጋሁት።

ሦስተኛው የአባታችን ጉዳይ ነው። ከጣና ሐይቅ ዳር፣ ከደንገሉ ጠጋ ብሎ ኩሬ ይቆፈር ይላሉ። "ውሃው እዚያው አይደል እንዴ?" ነው ክርክራቸው። ወንድሜ ነገ ከነገ ወዲያ ሊጀምር ነው። እኔ ሆዴ አልቆረጠም። የምታውቁ እርዱኝ።

ወረታ ሽንኩርት

እህቴ፣ ፓምፕ እንዳትገዢ! ለኛም እንደዚህ ብለውን የተዘጋ ፊልትሮ ሆኖ ተገኘ። የሃይድሮሊኩን ፊልትሮ ማን መቼ እንደቀየረው ታውቂያለሽ? ካላወቅሽ አልተቀየረም ብለሽ ተነሺ።

ሰንሰለቱን በተመለከተ፣ እኛ ፎገራ ሜዳ ላይ ዋልካው ሲርስ ማሽን አናስገባም። ሩዝ የሚበቅልበት መሬት ነዋ፣ ምን ትጠብቂያለሽ። ሥራችንን ሚያዝያ ውስጥ እንጨርሳለን። ከሰኔ በኋላ ቆማ ትከርማለች።

የቆጋው ኦፕሬተር

ልጄ፣ ቆጋ ላይ የመስኖው ቦይ ሲቆፈር ትልልቆቹን ነድቻለሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፤ አልፎ አልፎ የሰው ትንንሽ ማሽን አያለሁ። ፓምፕ መጨረሻ የሚጠረጠር ነገር ነው። አዳምጦ ብቻ ፓምፕ ነው ያለ ሰው ደግሞ ጆሮው የተባረከ ነው።

መጀመሪያ ይህንን መልሺልኝ። ስትደክም የሞተሩ ድምፅ ይወርዳል? ከወረደና ካቃሰተ ችግሩ ሞተሩ ጋ ነው፤ የናፍታ ፊልትሮ ወይም የአየር ፊልትሮ እይ። ድምፁ እንዳለ ሆኖ ክንዱ ብቻ ከዘገየ ሃይድሮሊኩ ጋ ነው። ሁለተኛ፣ የሚደክመው አንዱ ነው ወይስ ሁሉም? ቡሙ፣ ማለትም ትልቁ ክንድ፣ ብቻ ከሆነ የሚያነሳው ጃክ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው ጎማ) አልቆ ይሆናል። ባኬቱን አፈር ሞልታችሁ ወደ ላይ አንሱት፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ሥሩ ሰው እንዳይገባ፣ ከዚያ ቁጭ ብላችሁ እዩት። ቶሎ ቶሎ ከወረደ ጃኩ ውስጥ ዘይት እየሾለከ ይሆናል። ቡሙም፣ ባኬቱም፣ መዞሩም፣ መሄዱም አብረው ከዘገዩ ግን የጋራቸውን ነገር ፈልጊ፤ ዘይቱን፣ ፊልትሮውን፣ የዘይት ማቀዝቀዣውን። ፓምፑ ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ጠዋት ደህና ውላ ከሰዓት መድከሟ ብዙ ይናገራል። ዘይት ሲግል ይቀጥናል። ሲቀጥን በየክፍተቱ እየሾለከ ወደ ታንከሩ ይመለሳል፣ ጉልበቱም አብሮ ይሄዳል። ያለቀ ፓምፕም ይህንኑ ያደርጋል፤ አልክድም። ግን ዘይቱ ለምን እንደሚግል ሳታውቂ አዲስ ፓምፕ ብታስገቢ እሱንም ታቃጥይዋለሽ።

የኋላውን ክዳን ክፈቱና የዘይት ማቀዝቀዣውን እዩ። ከራዲያተሩ ጋር ተጠጋግቶ ነው የሚቀመጠው። ከጥር ጀምሮ አቧራውና ገለባው እዚያ ይሰካል። በንፋስ ሲነፋ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሁን፣ ግፊቱንም ቀነስ አድርጉት፤ ክንፎቹ ስስ ናቸው፣ ይተኛሉ። ዘይት የነካው አቧራ በንፋስ አይለቅም፣ በሳሙና ውሃ አርሱት።

ከዚያ ዘይቱን ራሱን። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። አረፋ ከሠራ ወደ ፓምፑ ዘይት በሚስበው የጎማ ቱቦ በኩል አየር ይስባል። ጠቁሮ አሮ ከሸተተ ጊዜው አልፏል። ብዙዎቹ ትንንሽ ማሽኖች 46 ቁጥር ዘይት ነው የሚፈልጉት፤ ታንከሩ አጠገብ የተለጠፈውን ወይም መጽሐፉን እይ። ከዚያ የቀጠነ ተሞልቶበት ከሆነ በሚያዝያ ሙቀት ምን ያድርግ?

አንድ ነገር ለወንድምሽ ንገሪው፣ በኃይለ ቃል ንገሪው። የሚያፈስ የሃይድሮሊክ የጎማ ቱቦ በእጅ አይዳሰስም። ውስጡ ያለው ግፊት ከ200 ባር ሊያልፍ ይችላል። ከቀጭን ቀዳዳ የሚወጣው ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ሲያዩት የመርፌ ጫፍ ታክላለች፣ መጀመሪያ ብዙም አያምም። ሐኪም ቤት ወዲያው ካልተሄደ ግን እጅ ያስቆርጣል። ፍሳሽ የሚፈለገው በካርቶን ነው።

አሁን ሰንሰለቱ። የሚወልቀው ላልቶ ነው፣ አለዚያም ውስጡ ጭቃ ተጠቅጥቆበት። ያንን ጎን በቡሙ ገፍታችሁ ከመሬት አንሱት። ሰንሰለቱ መሐል ላይ ይረግባል። በታችኛው ሮለር (ሰንሰለቱ ላይ በሚንከባለለው ብረት) እና በሰንሰለቱ ውስጠኛ ገጽ መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ። ለእንደዚህ ዓይነቷ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ውስጥ ነው፤ መጽሐፉ ሌላ ካለ መጽሐፉን ስሚ። ከበዛ በጎን ባለችው ኒፕል ግራሶ ግፉበት፣ ይወጠራል። ማላላት ካስፈለገ ቫልቩን ቀስ እያላችሁ ፍቱት፣ ፊት ለፊቱ ማንም አይቁም። እዚያ ያለው ግራሶ ሲፈናጠር ጥይት ነው። ጨርሶም አትንቀሉት።

ግራሶ ገፍታችሁም ማግስቱን ከላላ ወጣሪው ያፈሳል። የቀኙ ብቻ መሆኑ እሱን ያስጠረጥረኛል።

አነዳዱም አለ። አንዱን ሰንሰለት አቁሞ በሌላው ዙሪያዋን መዞር ዋልካ ላይ ሰንሰለት ያስወልቃል፣ ድንጋይ ላይ ደግሞ ጎማውን ይበላዋል። ሁለቱም እየሄዱ፣ አንዱ ዘግየት እያለ፣ ሰፋ አድርጎ ይዙር። ማታ ደግሞ አንዱን ጎን እያነሳ ሰንሰለቱን በባዶ ያሽከርክረውና ጭቃውን ያራግፍ፤ የቀረውን በአካፋ። ያደረ ዋልካ ጠዋት በመዶሻ ነው የሚወጣው።

የሮቢቷ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጽሑፍዎን ለወንድሜ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የመርፌዋን ነገር ስደርስ ዝም አለ።

የሞተሩ ድምፅ አይወርድም። የሚዘገየው ሁሉም ነው፣ መሄዷ ሳይቀር። የኋላውን ክዳን ከፈትን። ማቀዝቀዣው በእብቅ ተደፍኗል፤ አውድማ አጠገብ ነበር የምናቆማት። ፍርግርጉ ላይ የወፍ ላባ ሁሉ አለ። ጠርገን አየናት፤ አሁን ከሰዓትም ትሠራለች። እንደ ጠዋቱ አይደለችም፣ ግን ትሠራለች። ዘይቱ ጠቁሯል። ወተት አይመስልም። ፊልትሮና ዘይት ልቀይር ነው።

ሰንሰለቱም ላልቶ ነው የተገኘው። ግራሶ ተገፍቶበት ወጠር ብሏል፤ ነገ ተነገ ወዲያ ይለካል።

እግረ መንገዴን፣ የሥራ ደብተር እንዴት ልያዝ? በቀን ነው በሰዓት?

የቆጋው ኦፕሬተር

በሰዓት። ከቆጣሪው እየገለበጥሽ። ቆጣሪው ግን ሲሸጥ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሆን ስለሚችል የድሮውን ቁጥር አትመኚ። ዛሬ ሁሉንም ቀይረሽ ከዛሬ ጀምረሽ ቁጠሪ።

የሞተር ዘይትና ፊልትሮው በብዙዎቹ በየ250 ሰዓቱ ነው። የሃይድሮሊኩ ዘይት ይቆያል፤ እንደ ማሽኑ 1,000 ወይም 2,000 ሰዓት። ፊልትሮው ግን ቀድሞት ይቀየራል። የሰንሰለቱ ሞተሮች የራሳቸው ዘይት አላቸው፤ እሱን ሁሉም ሰው ይረሳዋል፣ አንቺ እንዳትረሺ። ናፍታ በጀሪካን ስለምትገዙ አሳድራችሁ፣ አጥልላችሁ ቅዱ፤ የጀሪካኑን ግርጌ አትቅዱት። ከናፍታው ፊልትሮ ሥር ያለውን ውሃ ጠዋት ጠዋት አፍስሱ። ማታ ታንከሯን ሙሏት፤ ጎዶሎ ካደረች ሌሊት ውስጧ ጤዛ ይይዛል።

ጉልበቷንም ከወረቀቱ ጋር አታወዳድሩ። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ) የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ከመቶ አሥራ አምስት ያህሉን ያጣል። "እንደ ጠዋቱ አይደለችም" ያልሽውን ግን ዘይቱ ሲቀየር እንየው።

ቶርኖ ቤት ባሕር ዳር

ግራሶ! ስለ ፒኖቹ፣ ስለ መገጣጠሚያዎቹ ዘንጎች፣ ማንም አላነሳም እኮ። በየቀኑ ሥራ ሳይጀመር የቡሙ፣ የክንዱ፣ የባኬቱ ኒፕሎች ሁሉ ግራሶ ይግፉ። አሮጌው ተገፍቶ በጎን እስኪወጣ። ውሃና ጭቃ ውስጥ ከዋለች በቀን ሁለቴ። ባኬቱን ይዘው ወዲያ ወዲህ ሲነቀንቁት ቋ ቋ ካለ ቡሹ (ፒኑ የሚገባበት ቀለበት) አልቋል። ያኔ ቶሎ ይምጡ። ቡሽና ፒን መቀየር ቀላል ነው። ቆይተው ከመጡ ቀዳዳው ሞላላ ይሆናል፤ ያንን በሳልዳቱራ (በብየዳ) ሞልቶ እንደገና መቅደድ ብዙ ብር ነው። እኔ ብሩን እወደዋለሁ፣ ለእርስዎ ግን አይጠቅምም።

ሲቆምም ጃኮቹ የሚያብረቀርቀው ዘንጋቸው ወደ ውስጥ በተቻለ መጠን ገብቶ ይሁን። ሐይቅ ዳር እርጥበቱ ዘንጉን ያዝገዋል፣ ዝገቱ ጎሚኒውን ይቆርጠዋል።

የሮቢቷ

ኒፕሎቹን ቆጠርን። ሁለቱ ቀለም ተቀብቶባቸው ተደፍነዋል። "አዲስ በላት" ያለን ሰውዬ የቀባው ቀለም ነው። በመርፌ ከፍተናቸዋል።

ጋሼ፣ የኩሬው ነገርስ? አባባ ትናንት ቦታውን በካስማ አመላክተው መጡ።

የቆጋው ኦፕሬተር

አባትሽን አክብረሽ ንገሪያቸው፣ ግን እዚያ አይሆንም። ጣና ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ አይቆምም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሽሽት ያደርጋል፣ መስከረም ላይ ሞልቶ ይመለሳል። ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። አሁን ደረቅ ብለው ካስማ የተከሉበት መስከረም ላይ ሐይቅ ይሆናል። ኩሬያችሁ ደለል ጠጥቶ፣ እምቦጭ ገብቶበት ታገኙታላችሁ። እምቦጩ አንዴ ከገባ ደግሞ ስካቫተሯ ሌላ ሥራ አትሠራም።

ደንገሉም ዝም ብሎ ሣር አይደለም። ዓሣ የሚራባበት ነው፤ ከማሳ የሚወርደውንም አፈር ይይዛል። ጣና ከ2015 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ ዳርቻውን ከመነካካታችሁ በፊት የይዞታ ደብተራችሁን ይዛችሁ የወረዳውን የመሬትና የአካባቢ ጥበቃ ሰዎች ጠይቁ። ከተቆፈረ በኋላ ድፈኑ ከመባል ይሻላል።

ለማሽኗም ቦታው አይመችም። ላዩ ደረቅ ነው፣ ሥሩ ረግረግ። ሰንሰለቱ ግማሽ ከሰመጠ በኋላ በሰንሰለት ለመውጣት መታገል ይበልጥ ያሰምጣታል።

ኩሬውን ከፍ አድርጋችሁ፣ ከማሳው ራስ ላይ፣ ጎርፍ በሚሰበሰብበት ቆፍሩት። ውሃ በራሱ ወደ ማሳ ይወርዳል፣ የውሃ መሳቢያ ሞተር ናፍታ ታተርፋላችሁ። 1.7 ቶን ማሽን የሚደርሰው ወደ 2.3 ሜትር ጥልቀት ግድም ነው፤ ለኩሬ ይበቃል። ግድግዳውን ቀጥ አታድርጉት። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ ቀጥ ያለው ግድግዳ በአንድ ሌሊት ይናዳል። አጋድሙት፤ አንድ ሜትር ሲጠልቅ ሁለት ሜትር ወደ ጎን። የወጣውን አፈር ከአፉ አርቁት። አሮጌው የእጅ ጉድጓዳችሁ አጠገብም ማሽኗን አታስጠጓት፤ ቢያንስ የጉድጓዱን ጥልቀት ያህል ራቁ።

ልጆቹንም አርቁ። መቼም ስካቫተር ሲሠራ የመንደሩ ልጅ ሁሉ ይሰበሰባል። የሚቆሙት ደግሞ ከኋላዋ ነው፤ ስትዞር የምትመታው በኋላዋ ነው።

ወረታ ሽንኩርት

ጋሼ ባሉት ሁሉ እስማማለሁ፣ አንድ ልጨምር። ከሰመጠች የባሕር ዛፍ ግንድ አዘጋጁ፣ ወፈር ያለ። ባኬቱን መሬት ላይ ገፍታችሁ ፊቷን አንሱ፣ ግንዱን በሰንሰለቱ ሥር አግድሙት፣ ከዚያ ቀስ ብላ ትውጣበት። በትራክተር ስትጎተት ገመዱ ከሻሲው ላይ ይታሰር እንጂ ከፊቱ የአፈር መግፊያ ምላጭ ላይ አይሁን፤ የኛ ተጣሞ ነው የቀረው።

ግን በጎማ ሰንሰለት አልስማማም። ሮቢት ድንጋዩ ጥቁር፣ ሹል ነው። ጎማው ይተለተላል። የብረት ሰንሰለት ግዙ።

የቆጋው ኦፕሬተር

ብረት ዋልካ ላይ ክፉ አይደለም፤ አስፋልት ተሻግራችሁ ሌላ ማሳ ስትሄዱ ግን ከመንገዱ ሰዎች ጋር ትጣላላችሁ። ጎማው ሽቦው እስኪታይ ድረስ ይሥራ፣ ያኔ እንነጋገራለን።

የሮቢቷ፣ ፊልትሮውን ፈትተሽ ስታወጪ ሳትጥዪ ቁረጭው። እጥፋቱን ዘርግተሽ በፀሐይ እይ። የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካለ ፓምፕ ነው ያለው መካኒክ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ጥቁር ዝቃጭ ብቻ ከሆነ ፓምፑን ተዪው። ፎቶውን እዚህ ለጥፊው።