የብራና ቀለም ጥናት ለዓለም አቀፉ የራማን ስፔክትሮስኮፒ ጉባኤ ይመጥናል?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ በሰሜን ሸዋ ብራናዎች ላይ ያለውን ቀይ ቀለም የሚመለከት ሲሆን፣ በራማን ስፔክትሮስኮፒ (ከቁሱ የሚበተነውን የሌዘር ብርሃን በመለካት የቁሱን ምንነት መለያ ስልት) በአረንጓዴ ሌዘር ስመረምረው ከቆዳው የሚወጣው ፍሎረሰንስ (ሌዘሩ ሲያርፍበት ቆዳው ራሱ የሚያወጣው ብርሃን) ምልክቱን ሁሉ ይውጠዋል። እንዲህ ያለ ሥራ በጉባኤው ላይ ቦታ ይኖረው ይሆን?

መልስ 1፦ በሚገባ ይኖረዋል። ጉባኤው እ.ኤ.አ. በ1969 በኦታዋ ከተጀመረ ወዲህ በአብዛኛው በየሁለት ዓመቱ ሲካሄድ የቆየ ሲሆን፣ በ2012 ስልቱ በስሙ የተጠራለት ህንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ራማን በኖረባት በባንጋሎር፣ በ2024 ደግሞ በሮም ተደርጓል። የቅርስ ጥናትም ከሚቀርቡት ርዕሶች አንዱ ነው። የቀይ ቀለሞቻችን ነገር እዚያ ሲነገር መስማት እጅግ ያስደስተኛል።

መልስ 2፦ አስቀድመው ፍሎረሰንሱን ይቀንሱ። በራማን ስልት የሚበተነው ብርሃን ከአሥር ሚሊዮን ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) አንድ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ትንሽ ፍሎረሰንስም ይሸፍነዋል። ከአረንጓዴው 532 ወደ 785 ናኖሜትር ሌዘር መቀየር ብዙ ጊዜ ይረዳል። መሣሪያውን በሲሊከን 520.5 cm⁻¹ (የራማን ምልክት የሚገኝበት የሞገድ ቁጥር) መስመር ካስተካከሉ በኋላ፣ ቀለሙ የሜርኩሪ ሰልፋይድ ከሆነ በ253 cm⁻¹ አካባቢ ጎልቶ የወጣ ጫፍ ያያሉ። የሌዘሩን ኃይል ግን እባክዎ ዝቅ ያድርጉት፤ ይህ ቀለም ይጠቁራል፣ የጠቆረ ፊደል ደግሞ አይመለስም።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በመጀመሪያ ከብራናው ሳይሆን ራሴ በፍየል ቆዳ ላይ ከቀባሁት ናሙና እጀምራለሁ።