የሎሚ ውሃዬ እያደረ ይመረኛል፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ለስላሳ ካቆምኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ባዶ ውሃ ደግሞ አልወርድልኝ አለ። ስለዚህ በ1 ሊትር ውሃ ላይ አንድ ሎሚ ከነልጣጩ፣ ግማሽ ኪያርና ትንሽ ናና ቆራርጬ ፍሪጅ ውስጥ አሳድራለሁ። ማታ ስቀምሰው ግሩም ነው። ጠዋት ግን እሬት! ጥፋቱ ከልጣጩ ሥር ያለው ነጩ ክፍል ይመስለኛል። ልጬ ስሞክረው ምሬቱ ቀነሰ፤ መዓዛውም አብሮ ጠፋ። እንጆሪ ጨመርኩ፣ ያማረው ቀለሙ ብቻ ነው። ጭማቂ እንዳልጠጣ የፍሬው ስኳር በአንድ ብርጭቆ ይከማቻል፣ አሰሩም ይቀራል።

መዓዛው ሳይጠፋ ምሬቱን እንዴት ላስቀር? ሎሚውን ከስንት ሰዓት በኋላ ላውጣው? ብቻ ማር ጨምሪበት እንዳትሉኝ፤ እሱም ያው ስኳር ነው።