ጥቆማ፦ በጥር ወደ ኢስታንቡል ለሚሄድ ሰው ካፖርትና ጫማ ጎንደር ውስጥ ከየት ይገዛል?

ጠያቂዋ፣ ከማራኪ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። ከባለቤቴ ጋር ለጥቂት ቀናት ኢስታንቡልን ልናይ ነው። ቪዛው ዘግይቶ ስለደረሰልን ዝግጅቱ ሁሉ በዚህ ሳምንት ላይ ተከምሯል። የዓለም አቀፉ ትኬታችን ጃንዋሪ 23፣ 00:45 ይላል። የጎንደርና የአዲስ አበባውን ግን ገና አልቆረጥንም። ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ ቤታችን በእንግዳ ስለሚሞላ ገበያ የምንወጣው እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው። በጥር ወር የኢስታንቡል አማካይ ሙቀት 6 ዲግሪ ገደማ እንደሆነ፣ ዝናብና ነፋስም እንደሚበዛ አንብበናል። እኛ ያለን ለጎንደር ማታ የሚበቃ ሹራብ ነው። ካፖርትና ውሃ የማያስገባ ጫማ ለመግዛት የቅዳሜ ገበያ ሰልባጅ ይሻላል ወይስ የፒያሳ ሱቆች? ገዝታችሁ የተጠቀማችሁበትን ብትነግሩን ትልቅ ውለታ ነው።

የአራዳ ነዋሪ፦
እህቴ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ፒያሳ ከሚገኙት የልብስ ሱቆች መካከል ደረጃ ያላትን ባለ ሁለት በር ሱቅ ጎንደሬ ሁሉ ያውቃታል። አባቴ ለሠርጉ ሙሉ ልብስ የገዛው ከእርሷ ነው፣ እኔም እንደዚሁ። ባለቤቱ የማይሆን ዕቃ አይሸጥም፤ ቢሸጥም ይመልሳል። ሰልባጅ ማን ለብሶት እንደጣለው የማይታወቅ ልብስ ነውና ለባዕድ አገር ጉዞ አይመከርም።

ልብስ ሰፊው፣ ከቅዳሜ ገበያ፦
የአራዳው ወንድሜ ያነሡትን ሱቅ አውቀዋለሁ፤ ባለቤቱም ጨዋ ሰው ነው። ነገር ግን ሱቁ የሚያመጣቸው ካፖርቶች አብዛኞቹ ለእኛ አገር ብርድ ታስበው የተመረጡ በመሆናቸው ገበራቸው ስስ ነው። ሰልባጅ ውስጥ የሚገኘው ጃኬት በአንጻሩ በረዶ ባለበት አገር ሰው ሲለብሰው የነበረ ነው፤ የተሠራውም ለዚያ ነው። በሥራዬ ላይ ሁለቱንም ዓይነት ፈትቼ ስለማያቸው ልዩነቱ ከውስጥ ይታወቀኛል።

ስትመርጡ እነዚህን ተመልከቱ። ጃኬቱን በመዳፋችሁ ጨብጣችሁ ልቀቁት፤ ቶሎ ተመልሶ ካበጠ ሙሌቱ ደህና ነው፣ እንደተጨመደደ ከቀረ ግን ሞቷል። ትከሻውን ከፍ አድርጋችሁ ወደ ብርሃን ያዙት፤ በስፌቶቹ መካከል ባዶ ሆኖ የሚያሳልፍ ቦታ ካለ ሙሌቱ ወደ ታች ወርዷል ማለት ነው። የእጅጌው ጫፍና የኮፍያው ማሰሪያ መኖሩን አረጋግጡ። ዚፕ ቢበላሽ አያስጨንቅም፣ እኛው እንቀይረዋለን፤ የተቀደደ ገበርም ይጠገናል። የማይጠገነው የሻገተ ልብስ ሽታ ነው። ዋናው ገበያ ቅዳሜ ቢሆንም መልካም መልካሙን ነጋዴዎቹ ራሳቸው በጠዋት ይለቃቅሙታልና በማለዳ ኑ።

መንገደኛው፣ ከአዘዞ፦
ከካፖርቱ በፊት ስለ ትኬቱ አስቡ። እኔ ከጎንደር አዲስ አበባ ያለውን ትኬት በአንድ የጉዞ ወኪል በኩል ለብቻው ቆርጬ ነበር፤ ዓለም አቀፉ ደግሞ በሌላ አየር መንገድ ነበር። ወኪሉ «በመካከሉ ሰፊ ጊዜ አለ» ብሎ አረጋገጠልኝ። የዚያን ዕለት የአዘዞው በረራ ዘገየ። ቦሌ ስደርስ ሻንጣዬን ከአገር ውስጡ ተርሚናል እስክቀበልና ወደ ዓለም አቀፉ እስክሻገር ድረስ የመሳፈሪያው መዝገብ ተዘግቶ ነበር። ትኬቶቹ የተለያዩ በመሆናቸው ማንም ኃላፊነት አልወሰደም፤ ወኪሉም ስልኩን ማንሣት አቆመ። ያጣሁትን ገንዘብ ሳስበው እስካሁን ያመኛል። ከዚህ ከተማ የሚነሣ ሰው ሁሉ ይህንን እንዲያውቅ እፈልጋለሁ።

እናት፣ ከሳሙና በር፦
ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብህ ነበር? የእኔም ልጅ በጥቅምት እንዲሁ አዲስ አበባ አድራ ነው የሄደችው። ወኪሉን ከሰስከው?

መንገደኛው፣ ከአዘዞ፦
አልከሰስኩም፣ እናቴ። የተቀበለውን ገንዘብ የሚያሳይ ደረሰኝ አልሰጠኝም ነበርና በምን ላይ ቆሜ ልክሰስ።

የአራዳ ነዋሪ፦
ደረሰኝ ሳይዙ ገንዘብ መስጠት ተገቢ አይደለም። እኔ በተናገርኩት ሱቅ ውስጥ ለአንድ ካልሲ እንኳ ደረሰኝ ይቆረጣል።

ተማሪ፣ ከጨጨላ፦
ሁላችሁንም በማክበር እናገራለሁ፤ ጠያቂዋ ስለ ካፖርትና ጫማ ጠይቀው እኛ የፍርድ ቤት ክርክር ከፍተናል። ስለ ጫማው እስካሁን አንድ ቃል የተናገረ ሰው የለም። በዚህ አያያዛችን መልስ የሚያገኙት ከኢስታንቡል ሲመለሱ ነው። የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ ይናገር፤ የማናውቅ ደግሞ እናዳምጥ።

እናት፣ ከሳሙና በር፦
ልጄ አትቆጣ። እኔ የማውቀውን ልናገር። ለብርድ ከጋቢ የሚበልጥ ነገር አላየሁም። አራት ድርብ የሆነ፣ እናት የፈተለችው ጋቢ በአውሮፕላኑም በሆቴሉም ያገለግላል። ሴቷ ደግሞ ነጠላ ትያዝ፤ መስጊድ ሊጎበኙ ሲገቡ ፀጉር መሸፈን ግዴታ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። የእኔ ባለቤት ደባርቅ ላይ በሠራበት ዘመን ከጋቢና ከበርኖስ ሌላ ምንም አልነበረውም፤ አንድ ቀንም በርዶት አያውቅም።

ነርሷ፣ ከቀበሌ 18፦
እናታችን ስለ ነጠላው ያሉት ትክክል ነው፤ ሱልጣን አህመድ መስጊድም ሆነ አያሶፊያ ሲገባ ሴቶች ራሳቸውን ይሸፍናሉ። ጋቢውን ግን ለአውሮፕላንና ለመኝታ ክፍል ብቻ አድርጉት። ጋቢ ጥጥ ነው፤ ጥጥ ውሃ ሲነካው ይጠጣል፣ ከጠጣም በኋላ የሰውነትን ሙቀት እየሳበ ያቀዘቅዛል። ደባርቅ ብርዱ ጠንካራ ቢሆንም በጥር አየሩ ደረቅ ነው፤ ለዚህ ነው ጋቢው የበቃው። ኢስታንቡል ግን ባሕር የከበባት ከተማ ናት፤ በጥር ብርዱ ከዝናብና ከነፋስ ጋር አብሮ ይመጣል። ዲግሪውን ብቻ አይቶ «ይህማ ቀላል ነው» ማለት አይገባም።

ለዚህ የሚሻለው አንድ እጅግ ወፍራም ልብስ ሳይሆን ድርብርብ አለባበስ ነው። ከሥጋ የሚነካው ጥጥ ባይሆን ይመረጣል፤ ለስፖርት የሚለበሰው ቶሎ የሚደርቅ ካናቴራ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሱፍ ሹራብ ይለበሳል፤ ሱፍ ቢረጥብም ሙቀት ይይዛልና። ከላይ ነፋስና ዝናብ የሚከላከል ጃኬት ይደረባል። ይህ ከሆነ ካፖርቱ እንደ ልብስ ሰፊው አባባል በረዶ ከሚዘንብበት አገር የመጣ ባይሆንም ያደርሳል። ኮፍያ፣ ጓንትና የአንገት ልብስ ግን አትርሱ፤ ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳውም የሚቸገረውም በእነርሱ ነው።

ስለ ጫማው ተማሪው መጠየቁ ተገቢ ነው፣ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝም እርሱ ነው። እግር ከረጠበ ካፖርቱ ምንም ቢሞቅ ቀኑ ተበላሸ። የኢስታንቡል አሮጌው ሰፈር እንደ እኛ ከተማ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ብዙው መንገድም በድንጋይ የተነጠፈ ስለሆነ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ሶሉ ጠንካራ ፕላስቲክ ከሆነ አትግዙት። በጥፍራችሁ ስትጫኑት ትንሽ የሚሰምጥ፣ ጥልቅ ጥርስ ያለው የጎማ ሶል ይሁን። ከወፍራም ካልሲ ጋር ሞክሩት፤ ከዛሬ ጀምራችሁም ቤት ውስጥ ተጫሙት፣ አዲስ ጫማ ተጫምቶ ቀኑን ሙሉ መራመድ እግር ያቆስላልና።

ጫማ አዳሹ ልጅ፣ ከአውቶፓርኮ፦
ነርሷ የተናገሩትን አጸናለሁ። አዲስ ጫማ መግዛት ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ቤታችሁ ውስጥ ደህና የቆዳ ቦት ካለ ለጫማ ሰፊ ስጡትና ሶሉ ከቆዳው የሚገናኝበትን ዙሪያውን ያሰፋላችሁ፤ ውሃ የሚገባው በአብዛኛው በዚያ በኩል ነው። ከዚያ ሊስትሮ ዘንድ ሰም ያለበትን ቅባት ሁለት ጊዜ አስቀቡት፤ በመካከሉ አንድ ሌሊት ይደር። ፒያሳ የሚሸጡት የሚያብረቀርቁ ቦቶች ቆዳ የሚመስል ሽፋን ብቻ ያላቸው ይበዛሉ፤ ሽፋኑ ሲታጠፍ ይሰነጠቅና ውሃ ያስገባል።

የአራዳ ነዋሪ፦
እኔ ባነሣሁት ሱቅ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦት ተሸጦ አያውቅም። ከተጠራጠራችሁ ሄዳችሁ ባለቤቱን ጠይቁ።

ነጋዴዋ፣ ከፒያሳ፦
ለዕቃ ወደ ኢስታንቡል የምመላለስ ሰው ነኝና ሌላ ሐሳብ ላቅርብ። ፒያሳም ሆነ አዲስ አበባ «የቱርክ» ተብሎ ከሚሸጠው ልብስ ብዙው የሚመጣው ላሌሊና መርተር ከሚባሉት የጅምላ ሰፈሮች ነው። እዚያው የሚሸጠውን ካፖርት እዚህ የጉዞና የቀረጥ ዋጋ ተጨምሮበት መግዛት ለምን ያስፈልጋል? በጥር የብርድ ወራት ልብስ ቅናሽ ይወጣል። ላሌሊ ራሱን የቻለ የትራም ፌርማታ አለው፤ ያው ቲ 1 የተባለው ትራም ወደ ሱልጣን አህመድም ስለሚወስድ ከጉብኝታችሁ አያወጣችሁም። ከአየር ማረፊያው ወደ ከተማ ኤም 11 ሜትሮ አለ፤ ኢስታንቡልካርት የተባለውን የትራንስፖርት ካርድ ከማሽን ግዙና ለሁሉም እርሱን ተጠቀሙ። ጥንቃቄው ይህ ነው፦ ላሌሊ ውስጥ ብዙ ሱቅ በደርዘን እንጂ በነጠላ አይሸጥም፤ እሑድም አብዛኛው ይዘጋል። ካፓሊቻርሺ የተባለው ትልቁ የተሸፈነ ገበያም እሑድ ዝግ ነው። ስለዚህ ዓርብ ወይም ቅዳሜ ግዙ።

ልብስ ሰፊው፣ ከቅዳሜ ገበያ፦
ነጋዴዋ ያሉት ዋጋን በተመለከተ እውነት ነው። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች አየር ማረፊያ የሚደርሱት ሱቅ ሳይከፈት ነው። በሹራብ ብቻ ወጥተው፣ ሻንጣ እየጎተቱ ካፖርት ሊፈልጉ ነውን? ለዚያች የመጀመሪያ ጠዋት የሚሆን ልብስ ከዚህ ይዘው መሄድ አለባቸው።

መምህሩ፣ ከማራኪ፦
ልብስ ሰፊው ስለ ጠዋቱ ሲያነሡ ትኬቱን መልሼ አነበብኩት። ጠያቂያችን በእኛ አቆጣጠር ቀኑን አረጋግጠው እንደሆነ ስላላወቅሁ ልጻፈው። ጃንዋሪ 23 ጥር 15 ነው፣ ዓርብ። 00:45 ደግሞ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። በፈረንጆች ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ስለሆነ፣ አውሮፕላኑ የሚነሣው ሐሙስ ማታ ለዓርብ አጥቢያ ነው። «ጥር 15 ሌሊት» ብሎ አስቦ ዓርብ ማታ ቦሌ የሚደርስ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ቀኑን ሙሉ ዘግይቷል። ከመነሻው 3 ሰዓት አስቀድሞ መገኘት ስለሚያስፈልግ ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ላይ ቦሌ መሆን ይገባችኋል።

ከዚህ በመነሣት የአዘዞው ወንድማችን ምክር ከጥያቄው የወጣ አይደለም እላለሁ። ለጥምቀት የመጣው እንግዳ ሁሉ ከቃና ዘገሊላ በኋላ አብሮ ስለሚመለስ የጎንደር በረራ በእነዚያ ቀናት ይሞላል። ዛሬውኑ ዓለም አቀፉን ትኬት ወደ ቆረጣችሁበት አየር መንገድ ሄዳችሁ የአገር ውስጡን ከእርሱ ጋር ማያያዝ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ ከተያያዘ በረራው ቢዘገይ እንኳ ወደ ሌላ የማሸጋገር ኃላፊነቱ የእነርሱ ይሆናል፣ ሻንጣውም እስከ ኢስታንቡል ሊላክ ይችላል። ካልተቻለ ረቡዕ ሄዳችሁ አዲስ አበባ እደሩ። የውጭ ምንዛሪውንም ባንክ ሲሸጥ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት አብሮ ስለሚያይ ሦስቱንም ይዛችሁ ከበዓሉ በፊት ጨርሱት። ሰዓታችን ከኢስታንቡል ጋር አንድ ነው፤ የኤሌክትሪክ መሰኪያውም ክብ ባለ ሁለት እግር ስለሆነ ለስልክ ቻርጀር ሌላ ማገናኛ አትግዙ።

መንገደኛው፣ ከአዘዞ፦
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያኔ እንዲህ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ። ደረሰኝም ተቀበሉ።

እናት፣ ከሳሙና በር፦
ዓርብ የምትደርሱ ከሆነ ጾም ነውና ቆሎና ዳቦ ቆሎ ያዙ። እኔ ጋቢውን አልተውኩም።

ጠያቂዋ፣ ከማራኪ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልን። ባለቤቴ ቀኑን ጥር 15 ማታ አድርጎ ይዞት ስለነበር የመምህሩን መልእክት አንብቦ ወዲያው ወደ ትኬት ቢሮ ሄዷል። ልብስ ሰፊውን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ከእህቴ የተዋስኩት ወፍራም ጃኬት አለ፤ ዚፑ ከታች አይያያዝም፣ እጅጌውም ይረዝምብኛል። ቅዳሜ ባመጣው እስከ ከተራ ይደርሳል?

ልብስ ሰፊው፣ ከቅዳሜ ገበያ፦
ዚፑ ብቻ ከሆነ እዚያው ቆመው ይጨርሱታል፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መጎተቻው ነውና ሙሉውን መቀየር አያስፈልግም። እጅጌውን ግን አላሳጥረውም፣ የውስጡ ሙሌት ይፈስሳል። ወደ ውስጥ አጥፌ በእጅ እሰፋዋለሁ፤ ሲመልሱላት ለእህትዎ ይፈታል። ቅዳሜ ከቀትር በፊት አምጡት፤ ከሰዓት በኋላ ለጥምቀት የሚሰፋ የሀበሻ ልብስ ስለሚከማችብኝ ቃል መግባት አልችልም። ባለቤትዎም ካፖርት ካላቸው ለብሰውት ይምጡ።

የአራዳ ነዋሪ፦
የባለቤትዎ ካፖርት ከሌለ የነገርኳችሁ ሱቅ ቅዳሜ እስከ ማታ 2 ሰዓት ክፍት ነው።