በግ ወይስ ፍየል? ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ረግረግ ላለው መሬት

ግማሽ ሄክታር ገደማ የግጦሽ መሬት አለኝ። ቁጥቋጦ የለውም፤ ሣር፣ የገብስ ገለባና አጥሩ ላይ የተተከለ ትሪ ሉሰርን (የመኖ ዛፍ) ብቻ። ታችኛው ጫፍ ከክረምት እስከ ጥቅምት ውሃ ይተኛበታል።

ከቆላው ከሸዋ ሮቢት ያመጣኋቸው ፍየሎች ሣሩን ንቀው ትሪ ሉሰርኑን ልጣጩ ሳይቀር ጋጡት፤ ሐምሌ ላይ ሳል ገባባቸው፣ አንዷ ሞተች። የመንዝ በግ ብርዱን ይችላል። የሚያሰጋኝ ከረግረግ ሣር ጋር የሚገባው የጉበት ትል ነው፦ ረግረግ የጋጠ በግ መንጋጭላው ሥር አብጦ ሲታይ ብዙውን ጊዜ ጉበቱ ተጎድቷል፤ የትል መድኃኒቱ አልቤንዳዞል ደግሞ ያደገውን እንጂ ለጋውን ትል አይገድልም። ረግረጉን ባጥረው የግጦሹ ሲሶ ይሄዳል (ታጭዶ ቢደርቅም የትሉ ዕጭ ድርቆሹ ላይ ቶሎ አይሞትም)።

ለጀማሪ ረግረጉን አጥሮ ጥቂት የመንዝ በግ መያዝ ይሻላል ወይስ ዝናብ የማያስገባ ደረቅ ጉሮኖ ሠርቶ በፍየሉ መቀጠል?