ከስብስቡና ከሲስተሙ የትኛው ለየትኛው ይስተካከል? (የሐዋሳ ልጆች ክርክር፣ መስከረም 2018 ዓ.ም.)

የአቶቴው ቀይ፦
ዛሬ የማንቸስተር ዩናይትዱ አሰልጣኝ አሞሪም ያለውን ሰማችሁ? ሲስተሙን (3-4-3ን፦ ሦስት ተከላካይ፣ አራት አማካይ፣ ሦስት አጥቂ) ይቀይር እንደሆነ ሲጠየቅ ማንም አያስቀይረኝም፣ የሮማው ጳጳስም ቢሆኑ አያስቀይሩኝም አለ። እሁድ በማንቸስተር ሲቲ 3 ለ 0 ተገርፎ አርብ ይህን ይናገራል። በሊጉ 31 ጨዋታ መርቶ የሰበሰበው 31 ነጥብ ነው። ላለመውረድ የሚታገል ቡድን ነጥብ ነው ይሄ።

ያናደደኝ ግን እሱ ብቻ አይደለም። እሁድ ማታ ፒያሳ ዲኤስቲቪ ቤት አንዱ ተነስቶ «ሲስተሙ ምንም አላጠፋም፣ ልጆቹ ናቸው የማይመጥኑት» ሲል ግማሹ ቤት አጨበጨበለት። እንዴት ነው ነገሩ? አሰልጣኝ የሚቀጠረው ያለውን ልጅ ሊያሠራ አይደለም?

ታቦር ሥር፦
ተነስቼ የተናገርኩት እኔ ነኝ። አሁንም እደግመዋለሁ። ሰውዬው 3-4-3 ይዞ እንደሚመጣ ክለቡ ሳያውቅ ነው የቀጠረው? የፖርቱጋሉን ስፖርቲንግን ከ19 ዓመት በኋላ የሊግ ዋንጫ ያሳየው በዚህ አሰላለፍ ነው፣ በ2021። በ2024 ደገመው። ሲቲን ሊዝበን ላይ 4 ለ 1 የሸኘው በዚሁ ነው። የውድድር ዓመቱ ሲያልቅ ልምጣ ቢላቸው አሁን ካልሆነ አይሆንም አሉት። መጥቶ የተረከበው ከእሱ በፊት የነበረው አሰልጣኝ ቴን ሃግ የሰበሰባቸውን ተጫዋቾች ነው። ሦስት የዝውውር መስኮት ስጡትና ከዚያ እንነጋገር።

አረብ ሰፈር መድፍ፦
ሦስት መስኮት? ሁለቱ እኮ አልፈዋል! ጥር ላይ ዶርጉን ከሌቼ አመጡለት። ክረምት ላይ ኩኛ፣ ምቤሞ፣ ሼሽኮ መጡ። ለሦስቱ 200 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ወጥቷል። መሀል ሜዳ ላይ ግን አንድ ሰው እንኳ አልተጨመረም። በ3-4-3 ከአራቱ ሁለቱ መስመር ላይ ስለሚቆሙ መሀል ላይ የሚቀሩት ሁለት ናቸው። ሁለቱ ደግሞ ሜዳውን ሙሉ የሚያካልሉ መሆን አለባቸው። ካሴሚሮ 33 ዓመቱ ነው። ብሩኖ ወደፊት ካልሄደ ብሩኖ አይደለም። እሁድ ሲቲዎች መሀል ለመሀል እየሰነጠቁ ሲገቡ አላያችሁም?

ታቦር ሥር፦
ገዢው እሱ ነው እንዴ? አሰልጣኝ ይጠይቃል፣ ክለብ ይገዛል።

የአቶቴው ቀይ፦
ይቺ «ሦስት መስኮት ስጡት» የምትባል ነገር ናት ያቃጠለችኝ። ለቴን ሃግም ይቺው ተብላ ነበር። አንቶኒን ገዛ፣ ኦናናን፣ ማውንትን፣ ሆይሉንድን። ዛሬ አንቶኒ ቤቲስ ነው፣ ኦናና ትራብዞን፣ ሆይሉንድ ናፖሊ። ራሽፎርድ ባርሴሎና ሄደ። ጋርናቾ ለቼልሲ ተሸጠ። ሳንቾ ቪላ ነው። የመስመር አጥቂ የተባለ ሁሉ ተበተነ፣ ምክንያቱም አዲሱ ሲስተም የመስመር አጥቂ አይፈልግም።

አሁን ለአሞሪም ሦስት መስኮት እንስጠው። ቀጣዩ አሰልጣኝ በአራት ተከላካይ የሚጫወት ቢሆንስ? እንደገና የመስመር አጥቂ ፍለጋ ልንወጣ ነው? የሚቀረው ክለቡ ነው፣ አሰልጣኙ ይሄዳል።

ሐይቅ ዳር፦
ሁለታችሁም ስለ ገንዘብ ብቻ ነው የምታወሩት። ወደ ሜዳው እንመለስ። በዚህ አሰላለፍ መስመሩ የአንድ ሰው ነው። ተመላላሹ ሲጠቃም ሲያጠቃም እሱ ነው፣ 90 ደቂቃ። አማድ ቦታው ላይ ሲሰለፍ ወደፊት ያምራል፣ ኳስ ስትነጠቅ ግን ከኋላው ክፍት ሜዳ አለ። ዶርጉ ይሮጣል፣ የመጨረሻው ኳስ ግን ገና ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ አማካዩ ማይኑ ነው። አሰልጣኙ ራሱ ማይኑ ከብሩኖ ጋር ለአንድ ቦታ እየተፎካከረ ነው ብሏል። ብሩኖ ካፒቴን ነው፣ አይወጣም። ስለዚህ ከአካዳሚው ያደገ 20 ዓመት የሆነው ልጅ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ነሐሴ ላይ በውሰት ልሂድ ብሎ ጠየቀ፣ ከለከሉት። በሦስት አማካይ የሚጫወት ቡድን ውስጥ ይህ ልጅ በየሳምንቱ ቋሚ ነው።

ታቦር ሥር፦
የያኔውን የቼልሲ አሰልጣኝ ኮንቴን ረሳችሁት? ቪክቶር ሞሰስ ምን ነበር? የመስመር አጥቂ ነበር፣ ያውም በውሰት ሲንከራተት የኖረ። ኮንቴ ተመላላሽ አደረገው፣ ሻምፒዮን ሆነ። ልጅ ይለወጣል። ልብ ካለው ይለወጣል።

ሰማያዊዋ፦
ኮንቴን ካነሳህ ታሪኩን ሙሉ ንገራቸው። ኮንቴ ሲመጣ በሦስት ተከላካይ አልጀመረም። በአራት ነበር። በመስከረም 2016 አርሰናል ሜዳ 3 ለ 0 ተሸነፍን። ከዚያ ነው የቀየረው። 13 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፍን፣ በ93 ነጥብ ዋንጫውን ወሰድን። ያለው ነገር እንዳልሠራ አይቶ ቀየረ። የእናንተው ሰውዬ ደግሞ አልቀይርም ነው የሚለው። ምሳሌው ለአንተ አይሆንም ወንድሜ።

ታቦር ሥር፦
እህቴ፣ ወደ ምን ነው የቀየረው? ወደሚያውቀው ነው የተመለሰው! ጁቬንቱስም ጣሊያንም ሲያሠለጥን በሦስት ነበር የሚጫወተው። የራሱን ሲተው ተሸነፈ፣ ወደ ራሱ ሲመለስ አሸነፈ። እንዲያውም ለእኔ ነው የመሰከርሽልኝ።

ሰማያዊዋ፦
አልመሰከርኩልህም። አማካዩ ካንቴ ነበረው። መሀል ላይ ሁለት ብቻ አስቀምጦ የሚያሸንፍ ሰው አንዱ ካንቴ መሆን አለበት። ካንቴ የሌለው ሰው ያንን አሰላለፍ ሲያስብ ሁለቴ ያስብ።

አረብ ሰፈር መድፍ፦
እሷ ትክክል ናት፣ ቼልሲ ብትሆንም። የእኛን የአርሰናልን ነገር ልጨምር። አሰልጣኛችን አርቴታ 2020 ላይ የኤፍኤ ካፕ ሲበላ፣ ቼልሲን 2 ለ 1 ስናሸንፍ፣ በሦስት ተከላካይ ነው የተጫወተው። የሚወደው እሱ አልነበረም። ያለው ስብስብ የሚችለው ግን እሱ ነበር። ልጆቹን ሲያገኝ ወደ ፈለገው ሄደ። መጀመሪያ ባለው ልጅ ዋንጫ በላ፣ ስብስቡን ኋላ ቀየረ። አሰልጣኝ ማለት ይህ ነው።

ታቦር ሥር፦
ሁለት ዓመት ተከታታይ 8ኛ የወጣውን ሰው ታግሳችሁ ተሸከማችሁት! እኔስ ሌላ ምን አልኩ?

አረብ ሰፈር መድፍ፦
ዋንጫ ይዞ ነው የታገስነው።

የአቶቴው ቀይ፦
ከዚያች ዋንጫ ወዲህ ሊጉን መቼ በላችሁ? ሦስት ዓመት ተከታታይ ሁለተኛ።

አረብ ሰፈር መድፍ፦
15ኛ የወጣ ሰው ሁለተኛ የወጣውን አይሰድብም። ወደ ጉዳይህ ተመለስ።

የአቶቴው ቀይ፦
እሺ ወደ ጉዳዬ። የሊቨርፑሉን አሰልጣኝ አርኔ ስሎትን እዩ። የክሎፕን ስብስብ እንዳለ ተረከበ። ዙቢሜንዲን ፈለጉ፣ አልመጣም አለ። ያ ሰው ቁጭ ብሎ አማካይ እስኪገዛልኝ አላለም። ግራቨንበርችን ከተከላካዮቹ ፊት አቆመው። በዚያ የውድድር ዓመት ገዝቶ ያሰለፈው ኪየዛን ብቻ ነው፣ እሱም ብዙ አልተጫወተም። ሊጉን በላ። ሦስት መስኮት ማንም አልሰጠውም።

ታቦር ሥር፦
ክሎፕ ያስረከበው በ82 ነጥብ 3ኛ የወጣ ቡድን ነው። ቴን ሃግ በመጨረሻው ሙሉ ዓመቱ በ60 ነጥብ 8ኛ ነው የወጣው። የተስተካከለ ቤት የተረከበውን ከእኛ ጋር አታወዳድር።

የአቶቴው ቀይ፦
እሺ ግሪምስቢስ? አራተኛ ዲቪዚዮን ነው! ነሐሴ ላይ 2 ለ 2 ወጥተን በፍጹም ቅጣት ምት 12 ለ 11 አሰናበቱን። ያንን ቡድን ለማሸነፍም ሦስት መስኮት ያስፈልጋል? ልጆቹ ለሲስተሙ አይመጥኑም ካልክ፣ ለግሪምስቢ የሚመጥኑ ልጆች አልነበሩንም ማለትህ ነው?

ሐይቅ ዳር፦
ታቦር፣ አማካያችንን ኡጋርቴንም መልስልኝ። ስፖርቲንግ እያለ በራሱ በአሞሪም ሥር፣ በዚሁ አሰላለፍ የተጫወተ ልጅ ነው። ከማንም በላይ ሲስተሙን ያውቃል። እሱም እዚህ አልሆነለትም። ስለዚህ የመመጠን ጉዳይ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ ሊግ ፍጥነት ሁለት አማካይ ይበዛባቸዋል።

ታቦር ሥር፦
ይበዛባቸዋል? ክሪስታል ፓላስስ? አሰልጣኙ ግላስነርም በሦስት ተከላካይ፣ መሀል ላይ በሁለት ነው የሚጫወተው። በግንቦት ሲቲን 1 ለ 0 አሸንፎ የኤፍኤ ካፕን በላ። ለክለቡ የመጀመሪያው ትልቅ ዋንጫ ነው። የእንግሊዝ ሊግ ፍጥነት እሱን አልነካውም?

ሐይቅ ዳር፦
ጥሩ ምሳሌ አመጣህ። ፓላስ ሙኞዝን ያስፈረመው ግላስነር ከመምጣቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ሲመጣ ተመላላሹ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። ሚቸልም ግራው ላይ ነበረ። ሲስተሙና ስብስቡ ተገጣጠሙ። እኔ 3-4-3 መጥፎ ነው አላልኩም። የሚሠራበት ቤት አለ፣ የማይሠራበት ቤት አለ ነው ያልኩት። ማንቸስተር ያለው ልጅ ሌላ ነው።

ጋሽ መናኸሪያ፦
ልጆች፣ ከሌሊት ጀምሮ እያነበብኳችሁ ነው። አሞራ ገደል ያለ ዓሣ አጥማጅ መረቡን የሚያዘጋጀው ሐይቁ ውስጥ ባለው ዓሣ ልክ ነው። ቆሮሶ ካለ ለቆሮሶ፣ አምባዛ ካለ ለአምባዛ። መረቡን ይዞ ሌላ ሐይቅ አይጠብቅም።

ይልቅ የራሳችሁን ቡድን ተመልከቱ። ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሲሆን እዚሁ ሰፈር ያደጉ ልጆች ነበሩበት። አሁን ክለቦቻችን ልጅ የሚያስፈርሙት በአንድና በሁለት ዓመት ውል ነው። አሰልጣኝ መሀል ላይ ይባረራል። የሚመጣው ሌላ ስልት ይዞ ይመጣል፣ ልጆቹ ግን ለበፊቱ የተመረጡ ናቸው። ክፍተቱን የሚሸፍነው ሁለገብ ልጅ ነው። አዳነ ግርማን አስታውሱ። አጥቂ ሲሉት አጥቂ፣ አማካይ ሲሉት አማካይ ነበር። ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ የመጀመሪያዋን ያገባው እሱ ነው።

ታቦር ሥር፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ዓሣ አይገዛም አይሸጥም። ክለብ ግን ይገዛል።

አረብ ሰፈር መድፍ፦
ጋሼ ያሉት ትልቅ ነገር ነው። የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ የዝውውር መስኮት የለውም! ሰውነት ቢሻው ማንን ገዛ? ውበቱ አባተ ማንን ገዛ? ባላቸው ልጅ ነው አፍሪካ ዋንጫ የወሰዱን።

ሰማያዊዋ፦
ሁለቱን አንድ ላይ አትጨፍልቅ። ሰውነት የልጆቹን ጉልበትና ፍጥነት ይጠቀም ነበር። ውበቱ ግን ከኋላ ጀምሮ በአጭር ቅብብል ካልሆነ አይጫወትም። ካሜሩን ላይ 4 ለ 1 ስንሸነፍም እንደዚያው ነበር። እሱም እንደ አሞሪም አልቀይርም ባይ ነው።

ሐይቅ ዳር፦
ኧረ ተይ! እዚህ ላይ አልስማማም። ውበቱ ያንን ስልት የመረጠው ልጆቻችን ስለሚችሉት ነው። ቁመት የለንም፣ ኳስ ግን እንችላለን። ቡናን በ2003 ዓ.ም. ሻምፒዮን ያደረገው በዚሁ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈውስ ማን ነው? አንዷን ዳዋ፣ ሌላዋን የእኛው ሽመልስ በቀለ። አሞሪም ከውበቱ ጋር በምን ይገናኛል? አንዱ ልጁን አይቶ ስልት መረጠ፣ ሌላው ስልት ይዞ ልጅ ይፈልጋል።

ሰማያዊዋ፦
ያን ቀን ሳላህ አልነበረም።

ሐይቅ ዳር፦
ሳላህ ቢኖርም እናሸንፍ ነበር። ያንን ጨዋታ ያየ ይህን አይልም።

ጋሽ መናኸሪያ፦
በሽመልስ ላይ አትምጪብን ልጄ።

የአቶቴው ቀይ፦
አንድ ነገር ቀርቶኛል። በግንቦት ቢልባኦ ላይ በዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ቶተንሃም 1 ለ 0 ሲያሸንፈን፣ አሰልጣኛቸው ፖስቴኮግሉ የሚታወቅበትን የማጥቃት ጨዋታ ትቶ ኋላ ተከማችቶ ነው የተጫወተው። ልጆቹ ተጎድተው ነበር፣ ደክመው ነበር። ሰውዬው ያንን አየ። ለአንድ ማታ ስልቱን ተወ። ዋንጫውን አነሳ። እኛ ያንኑ 3-4-3 ይዘን ኳስ ስናንሸራሽር አመሸን።

ታቦር ሥር፦
በ16ኛው ቀን ተባረረ እኮ! ስልቱን መተው ምን አተረፈለት?

የአቶቴው ቀይ፦
ለእሱ ሳይሆን ለክለቡ አተረፈ። ቶተንሃም ዘንድሮ ቻምፒየንስ ሊግ ይጫወታል፣ እኛ ማክሰኞና ረቡዕ የሰው ጨዋታ እናያለን።

ታቦር ሥር፦ (ቅዳሜ ማታ)
2 ለ 1! ቼልሲን! ብሩኖ አንድ፣ ካሴሚሮ አንድ። መሀል ላይ አይችሉም ያላችኋቸው ሁለቱ ናቸው ያገቡት። አሁን ምን ትላላችሁ?

ሰማያዊዋ፦
በረኛችን በ5ኛው ደቂቃ በቀይ ወጥቶ ነው። በአሥር ሰው የተጫወተን ቡድን አሸንፎ ስለ ሲስተም አይወራም።

ታቦር ሥር፦
ካሴሚሮም ከዕረፍት በፊት በቀይ ወጥቷል። ሁለተኛው አጋማሽ አሥር ለአሥር ነበር።

ሰማያዊዋ፦
አሥር ለአሥር በሆነበት አጋማሽ ማን አገባ? ቻሎባ። እኛ ነን።

ሐይቅ ዳር፦
በዚህ ጨዋታ ማንም ምንም አያረጋግጥም። የጎደለ ቡድን ከጎደለ ቡድን ጋር ነው የተጫወተው። መሀል ሜዳው የሚፈተነው በሙሉ ሰው ሲሆን ነው።

የአቶቴው ቀይ፦
በማሸነፋችን ደስ ብሎኛል። ቡድኔ ነው። ግን ያልኩትን አልቀይርም።

ታቦር ሥር፦
እኔም አልቀይርም። ቀጣዩ ብሬንትፎርድ ሜዳ ነው፣ በመስቀል ዕለት። ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል። ያኔ ሙሉ ለሙሉ እናያለን።

የአቶቴው ቀይ፦
እናያለን። መሀል ላይ ማን ከማን ጋር እንደሚሰለፍ ነው እኔ የማየው።