በረኪናው ነው የሚደክመው ወይስ ባክቴሪያው ነው የሚለምደው?

ጨረቃ27፦
ሰላም ሰዎች፣ ነርስ ነኝ፣ ዋርድ ከጀመርኩ ገና አራት ወሬ ነው። እኛ ጋ ሰኞ ጠዋት የተበጠበጠ በረኪና እስከ ረቡዕ ባልዲው ውስጥ ይቆያል፣ ያገለገለ መሳሪያ ሁሉ እዛው ነው የሚዘፈዘፈው፣ ይቀየር ስላቸው "ይሸታል እኮ ምን ሆነ" ይሉኛል። ትናንት ደግሞ አንዱ ሲኒየር "ዋናው ችግር ባክቴሪያው በረኪናውን ስለለመደው ነው" አለኝ። እንደ አንቲባዮቲክ ይለመዳል እንዴ??

የባልዲ_ጠባቂ፦
ኧረ የደከመው በረኪናው ነው እህቴ 😅 በረኪናው ውስጥ ያለው ክሎሪን ፀሐይና ሙቀት አይወድም፣ ደም ሲገባበት ደግሞ ደሙ ላይ ያልቅና ለባክቴሪያው የሚተርፍ የለም። ሽታው አይሸውድሽ፣ ትንሽ ቀርቶም ይሸታል። 5% ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ፣ 0.5% ይወጣልሻል፣ ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ ከቆሸሸ ከዛም በፊት ይደፋ። ጀሪካኑ ራሱ ሞቃት ስቶር ውስጥ ወራት ከከረመ 5% የሚለው ጽሑፉ ብቻ ነው የሚቀረው። መልመዱን በተመለከተ ክሎሪን ያገኘውን ሁሉ ነው የሚያቃጥለው፣ ባክቴሪያው እንደ አንቲባዮቲኩ አንድ ነገር ቀይሮ የሚያመልጠው አይደለም።

ላብ_ሰው፦
ሲኒየሩን ግን እንዲህ አትጣሉት። ሳቭሎንን (ቁስል የምናጥብበትን ፀረ ተህዋስ) ተመልከቱ፣ ቀጥኖ የተበጠበጠ ሳቭሎን ውስጥ ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ይኖራል፣ ይራባል ሁሉ፣ በተለይ ጥጥ ተነክሮበት የሚውለው ዕቃ ሳይታጠብ በላዩ በላዩ ሲሞላ። አልኮልም ቢሆን ሜልበርን ላይ ከ1997 እስከ 2015 ከሆስፒታል የተሰበሰበ ኢንተሮኮከስ ፌሲየም የሚባል ባክቴሪያ ሲመረመር ከ2010 ወዲህ የተገኙት ከድሮዎቹ 10 እጥፍ ያህል አልኮል የሚችሉ ሆነው ተገኙ፣ ጥናቱ በ2018 ነው የወጣው። ግን ይሄ 10 እጥፍ የተለካው 23% በሆነ አልኮል ነው፣ እጅ ላይ ከምንቀባው በጣም የቀጠነ ማለት ነው፣ ስለዚህ ሳኒታይዘር አለቀ ብላችሁ ውሃ የምትጨምሩ ሰዎች እባካችሁ 🙏

የባልዲ_ጠባቂ፦
@ላብ_ሰው ሳቭሎኑ ላይ ተስማምቻለሁ። ደግሞ ሳልረሳው፣ መሳሪያን ሳያጥቡ ክሎሪን ውስጥ መዘፍዘፍን የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 መመሪያው አይመክርም፣ ብረቱን ይበላዋል ደሙም ክሎሪኑን ይጨርሰዋል። እኛ ጋ ግን ገና 0.5% ለ10 ደቂቃ የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ አለ።

ጨረቃ27፦
እኛም ጋ እሱው ወረቀት ነው! ለማንኛውም ዛሬ ባልዲው ላይ ፕላስተር ለጥፌ ቀንና ሰዓት ጻፍኩበት፣ ከሰዓት ስመለስ አንዱ "የልደት ቀኑ ነው?" ብሎ ጽፎበታል 😂